ካንሳስ የሄዱት ሽማግሌዎቻችን

ሐሙስ፣ ጥር 14

«ቂጣ ነው፤ ምኑ ነው አዲስ?» አለች እማዬ፣ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ። ወንድሜ ሚኪ ከካንሳስ በቪዲዮ ያሳያት የነበረው ሊያገባት ያሰባት የማሪቤል እናት የምትጋግረውን ቶርቲያ ነው። እሱ «ቂጣ አይደለም እማዬ፣ የበቆሎ ነው» ይላል። እሷ «እንግዲያው የበቆሎ ቂጣ ነዋ» ትላለች። የዛሬው ጥሪ ግማሹ በዚህ አለቀ።

ግን ተረትታለች፣ አውቃታለሁ። ስለ ልጅቷ መጀመሪያ የሰማች ቀን «የአገር ልጅ ጠፍቶ ነው?» ብላ አኩርፋ ነበር። ወላጆቿ የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው፤ እማዬ ግን ሜክሲኮ ሲባል የምታውቀው አዲስ አበባ ያለውን አደባባይ ብቻ ነው። ከዚያ ሚኪ የቤታቸውን ግድግዳ አሳያት፤ በሻማና በወረቀት አበባ የተከበበች ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል። እማዬ አተኩራ አየቻት። ቀጥላ «ይጾማሉ?» አለች። «በሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም» አላት። «ዓርብ ብቻ?» ብላ ትንሽ አዘነችላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን ጠርታ ሰላም በልልኝ ማለት ጀምራለች። «ማርያም ቤል» ነው የምትላት።

ሚኪ በዲቪ ሄዶ የገባው አንድ ትንሽ የሥጋ ፋብሪካ ከተማ ውስጥ ነው። እኛ አሜሪካ የሄደ ነበር የመሰለን። እሱ እንደሚለው ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ቅዳሴውም፣ የፋብሪካው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም በስፓኒሽ ነው። ነጮቹ ገበሬዎች ሳይቀሩ ምሳቸው በቶርቲያ የሚጠቀለል ታኮ ሆኗል። ልጁ እንግሊዝኛ ሳይለምድ ስፓኒሽ ለመደ። እዚያ ያሉት የእኛ ሴቶች ደግሞ ቃሪያ ሲያጡ ሃላፔኞ በሚባለው ሥንግ መሥራት ጀምረው፣ አሁን የአገር ቤት ቃሪያ ቢመጣላቸው አያቃጥልም ብለው ይንቁታል አሉ።

የማሪቤል አባት ኤርኔስቶ እዚያው ፋብሪካ ከሚኪ ጎን ቆሞ ሥጋ ይቆርጣል። ቢላ እንዴት እንደሚሳል ያስተማረው እሱ ነው። ሚኪን «ፍላኮ» ይለዋል፣ ቀጮ ማለቱ ነው። ለሚኪ የላከችውን ሚጥሚጣ ኤርኔስቶ ብርቱካን ላይ እየነሰነሰ እንደሚበላ ስትሰማ እማዬ አማተበች። ማሪቤል እዚያው የተወለደች ናት። ኤርኔስቶና ሚስቱ ዶኛ ሉፔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ኖረውም የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም።

እማዬን በመጨረሻ ያሸነፋት ያ ቢላ ይመስለኛል። ነፍሱን ይማረውና አባባም ቆራጭ ነበር። ሸንኮራ ሊቆርጥ ከከምባታ በጭነት መኪና ወንጂ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። የምንጃሩ አያቴ «አገሩ ለማይታወቅ ቆራጭ ልጄን አልሰጥም» ብለው፣ የአባባ ሽማግሌዎች «ተቀመጡ» እስኪባሉ ደጅ ላይ ቆመው ዋሉ። እማዬ በመስኮት ታያቸው ነበር። አንደኛው እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አያቴ «በቃ፣ ተቀመጡ» አሉ። እማዬ ይህን ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል።

ስለዚህ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። ሚኪ «ማሪቤል እኮ ራሷ እሺ ብላለች» ቢላት «እሷን ማን ጠየቃት?» አለችው። ጾሙ ሳይገባ፣ የፊታችን እሑድ እንዲላክ ተወሰነ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጋሽ ለማ መጡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሰፈራችን እሳቸው የመሩት ሽምግልና ወድቆ አያውቅም፤ ይህንን ሲናገሩም ደክሟቸው አያውቅም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ለሚኪ ትምህርት ሰጡት።

«ማልደው ይሂዱ። አባወራው ከቤት ሳይወጣ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ጥቁር ካፖርት ይልበሱ። በጃኬት እንዳይሄዱ፣ ሥራ ፈላጊ ይመስላሉ።»

«እሺ።»

«ጉዳያቸውን በር ላይ አይናገሩም። የአባወራውን ስም ከነአባቱ ጠርተው ‹እሳቸውን ፈልገን ነው› ይበሉ። እሱ ራሱ እስኪወጣ ለሌላ ሰው ትንፍሽ የለም። ሳይፈቀድ መቀመጥ የለም። ውሃም ቢሆን አይቀመስም።»

ሚኪ ትንሽ አመነታ። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው ቤት ሳይነገር አይኬድም።»

«አልነገርክም እንዴ?»

«ለማሪቤል እሑድ ይመጣሉ ብያታለሁ። እናቷ ምግብ ልታዘጋጅ ነው።»

«እና ነግረሃላ።»

በስንት ሰዓት ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ለእኛ የሽማግሌ ሰዓት አንድ ነው።

ሚኪ ራሱ አብሮ አይሄድም፣ ነውር ነው። ሦስት ሰዎች ተገኝተውለታል። አለቃቸው ጋሽ ቃሲም የአቦምሳ ሰው ናቸው፤ ድሮ ከሻሸመኔ ሞያሌ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፣ እዚያም ሾፌር ናቸው። በስልክ አዋሩን። «ሙስሊም ሆኜ በዚህ ነገር ብገባ ቅር አይላችሁም?» አሉ። ጋሽ ለማ «እንዲያውም ክብደት ይጨምርልናል» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው የማያውቁ፣ ወዲያው ተግባቡ።

ለምሠራበት መጽሔት የምጽፈውንም ዛሬ ጨረስኩ። አዘጋጁ «የጥር ሙሽሮችን ደስ የሚያሰኝ ነገር» ብሎኝ ነበር። ስለ ሽማግሌ አላላክ ጻፍኩ፤ ከጋሽ ለማ አፍ የሰማሁትን ሁሉ ከተትኩት። መጻፍ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እማዬ ራሷ የምትሄድ ይመስል ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ከገበያ ስንመለስ ለባጃጁ ልጅ ሳይቀር «ነገ ልጄ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችው። «የት ነው እማማ?» ቢላት «ካንሳስ» አለች፣ ቅርባችን ያለችውን ወለንጪቲ የምትል ያህል።

ጎረቤታችን አዴ ሩቂያ በአጥር በኩል «ሃ ሚልካኡ» ብለው መረቁ፣ ይሳካ ማለታቸው ነው። እማዬ አሜን ብላ አጥሩን ጨበጠች።

የምጨነቅበት ነገር አጥቼ ዶኛ ሉፔ እማዬን «ቂጣ ነው» ስትል ሰምታት ይሆን እያልኩ ተጨነቅሁ።

እሑድ፣ ጥር 17

እዚያ ጎህ ሊቀድ ሲል እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ከምሳ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ከበብነው። እማዬ አልተቀመጠችም። «እነሱ ቆመው እኔ እቀመጣለሁ?» አለች። ጋሽ ለማ ተቀመጡ፤ ለአዛዥ ይፈቀዳል አሉ።

መጀመሪያ የደወሉት ጋሽ ቃሲም ናቸው። ግራ ገብቷቸዋል።

«አንኳኳን። መብራት በርቶ ነበር። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጠራን። መብራቱ ጠፋ።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ለማ።

«ቆምን። እንደ ሥርዓቱ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ድጋሚ ጠራን። አንዳችን ሌላ በር እንዳለ ለማየት በጓሮ ዞረ፣ እሱም ዝግ ነው ብሎ መጣ። ልጅ ሲያለቅስ ሰማን፣ ወዲያው አፉን አፈኑት መሰለኝ። የሚወጣ ሲጠፋ ተመለስን። እምቢም ከሆነ እኮ ወጥቶ እምቢ ማለት ነው።»

ጋሽ ለማ ወደ እማዬ ዞረው «ንቀውናል» አሉ። የእማዬ ፊት ጠቆረ። እኔም ተናድጄ ነበር፣ መዋሸት አልችልም። ቂጣቸውን፣ ብርቱካናቸውን፣ ሁሉንም በልቤ ሰደብኩ።

ሚኪ የደወለው ትንሽ ቆይቶ ነው። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ማሪቤል ፋብሪካውን ሌሊት ከሚያጸዱት ጋር ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትገባ እናቷና ትንሹ ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተደብቀው ተኝተዋል። የጓሮ በር ወለል ብሏል። በረዶው ወጥ ቤት ድረስ ገብቷል። የኤርኔስቶ ጫማ በሩ ሥር ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤርኔስቶ የለም።

ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ በጥቁር መኪና መጥተው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሙሉ ስሙን ጠርተው፣ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ፣ አንዱ በጓሮ ዞሮ። እዚያ ሰፈር ይህ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ወረቀት የሌለውን ሰው ሊይዙ የመጡ የኢሚግሬሽን ሰዎች።

እንግዶቹን የሚጠብቋቸው ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ለምሳ ነበር። ዶኛ ሉፔ በበቆሎ ሽፋን የሚጠቀለል ታማሌ የሚሉትን ምግብ ለእነሱ ስትሠራ ነው በሩ የተንኳኳው። መብራቱን አጠፋች እንጂ ምድጃውን አላጠፋችም። ሚኪ ቤቱ ሲደርስ ድስቱ እየፈላ ነበር።

ያ ሰው በረዶ ውስጥ በካልሲ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

እማዬ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው። መሬት ላይ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ኤርኔስቶ አልተገኘም።

ሚኪ በእኛ ማታ፣ በሥራ እረፍቱ ደወለልኝ። የኤርኔስቶ ቦታ ባዶ ነው። የእሱ ብቻ አይደለም። ትናንት አንዲት ጎረቤት የጋሽ ቃሲምን መኪና በመስኮት ፎቶ አንሥታ ለቃዋለች፤ ከተማው በሙሉ በስልክ ተቀባብሎታል። ሦስት ናቸው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው፣ በር አትክፈቱ። ዛሬ ፋብሪካው ግማሽ ሰው አልገባለትም። ልጆች ትምህርት ቤት አልሄዱም። ዳቦ ቤቱም ዝግ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች አንድ ከተማ ዘግተዋል።

የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ የምጽፈው ነበር።

«የእኛ ሰዎች ናቸው በላቸዋ» አልኩት።

«አልኳቸው እኮ አስቱ። ልጅቷን ሊጠይቁ ነው የመጡት፣ የቆሙትም ለክብር ነው ስላቸው፣ አንዱ ሳቀብኝ። ሌላው ‹አንተን ደግሞ ማን ላከህ› አለኝ።»

«ማሪቤልስ?»

«አታነሳም።»

ሥጋው ሰው ኖረም አልኖረም በሰንሰለት ተንጠልጥሎ መምጣቱን አይተውም። ሚኪ የራሱንም የኤርኔስቶንም ድርሻ እየቆረጠ ነው። ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ አለ። ጣት የማያዝ ቀን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከትቶ ቀስ እያሉ መዘርጋትን ያሳየው ኤርኔስቶ ነበር። ይህን ብሎ ሲጨርስ አንዳችንም ስልኩን አልዘጋንም።

እኔ ምን አደረግሁ? የካንሳስን የአየር ጠባይ በስልኬ አየሁ። ከዜሮ በታች ነው። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አየሁ። አዳማ ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ነው የዋለው። ከዚህ ሆኜ ማድረግ የቻልኩት ይሄው ነው።

እማዬ ምሳ አልበላችም። «ካልሲው የሱፍ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። የሱፍ ነው አልኳት። ከየት አውቄ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አዴ ሩቂያ በጠዋት «አካም ቡልቴ» እያሉ ገቡ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እማዬ ወንበር ሳበችላቸው። የሆነውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው ለምን እንደሮጠ ላስረዳ ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ለእኔ ነው የምታስረጂው?»

ልጃቸው ዘይነባ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ወረቀቷ አልቆ፣ ተይዛ ነው የመጣችው።

«በር ሲንኳኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባ ነበር። አገሯ ከገባች በኋላ እንኳ፣ እዚህ እኔ ቤት፣ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ልጅ በመጣ ቁጥር እፈልጋታለሁ። አንድ ቀን ዱቄት ማስቀመጫው ጀርባ አገኘኋት።» እማዬን አዩዋት። «አትፈልጉት። በፈለጋችሁት ቁጥር ይርቃል። ራሱ ይደውላል።»

«መቼ?» አለች እማዬ።

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።»

ጋሽ ለማ ከእሑድ ወዲህ ቤታችን አልመጡም። አፍረዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ደውለው «ነገሩን ጨርሼዋለሁ» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እንደ ሥርዓቱ፣ ድንጋይ ተሸክመው።»

ስልኩን ዘግቼ ጋሽ ቃሲም ጋ እንዴት እንደደወልኩ አላውቅም።

«ጋሽ ቃሲም፣ የት ነዎት?»

«መኪና ውስጥ ነን ልጄ። ወደ ሰውየው ቤት እየሄድን ነው። አጎትሽ ያሉትን ድንጋይ ከወንዝ ዳር አንሥተናል። ጥሩ ጥሩ ነው፣ ከባድ።»

«ነግቷል?»

«ሊነጋ ነው።»

«ጋሽ ቃሲም፣ በእናትዎ። ድንጋይ ተሸክማችሁ፣ በጨለማ፣ እዚያ ደጅ ላይ ደግሞ?»

ከኋላ አንዱ «ልጅቷ እውነቷን ነው» ሲል ይሰማኛል።

«እናውርደው?»

«አውርዱት። ካፖርቱንም አውልቁት።»

ይህች ናት የሳምንቱ ድሌ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሚኪ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ዶኛ ሉፔ ጋ ሄደ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችለት። ሁሉንም ነገራት። ማልዶ መሄድ በእኛ ዘንድ አክብሮት መሆኑን፣ መቆሙንም፣ ስም መጥራቱንም። ሰማችው፣ አልጮኸችበትም። ገባ ብላ አንድ ፌስታል ይዛ መጣችና በክፍተቱ ሰጠችው። ታማሌው ነው። «የእንግዶቹ ነው» አለችው። በሩን ዘጋችው።

«ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ፌስታሉን ይዞ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ማሪቤል ወጥታ አጠገቡ ገባች። ስልክ አለማንሳቷ ከእሱ ተጣልታ ሳይሆን አባቷ ከማያውቀው ቁጥር ቢደውል መስመሩ እንዳይያዝ ፈርታ ነው። ይህንንም የነገረችው ከመኪናው ልትወርድ ስትል ነው።

ዛሬ መጽሔቱ ወጣ። የእኔ ጽሑፍ መሀል ገጽ ላይ ነው፣ ከሙሽሮች ፎቶ ጋር። ርዕሱን አዘጋጁ ነው ያወጣው፦ «ማልዶ መሄድ ጨዋነት ነው»። አላነበብኩትም።

አንዲት ሴት ከሻሸመኔ ቢሮ ድረስ ደወለችልኝ። ልጇ ሊያገባ ነው፣ ጽሑፌን ለሽማግሌዎቹ አንብባላቸዋለች፣ እንዳልኩት ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። እግዜር ይስጥሽ አለችኝ።

«ከመሄዳቸው በፊት ደውሉ» አልኳት። «ሰዓቱን ንገሯቸው።»

«ይደወላል እንዴ?» አለች። አዘነችብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ነው። እማዬን ይዣት ወጣሁ። ሕዝቡ መንገድ ሞልቷል። ቅጥሩ ሥር ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ስለት ተስላለች፣ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። በመንገድ ላይ ብቻ «እዚያም ቤት ያለችው እሷው ናት፤ ለሁለታችን አንድ ሥራ ነው የሰጠናት» አለች።

ቤት ስንደርስ ሚኪ ደወለ። ተገኘ።

በሕይወት አለ። በረዶውን አቋርጦ ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ ጣሪያ የሚሠሩ የሆንዱራስ ሰዎች በቫን ሲያልፉ አገኙት። አልጠየቁትም። ጎትተው አስገቡት፣ አንዱ ጓንቱን አውልቆ እግሩ ላይ አጠለቀለት። እነሱ የሚሄዱት ወደ ኦክላሆማ ነበር፣ እሱም ሄደ። አሁን አንድ ያገሩ ልጅ ቤት ነው። እስከዛሬ ያልደወለው የቤቱ ስልክ እየተጠለፈ ነው ብሎ ነው።

እግሩ ግን ተጎድቷል። ሁለት ጣቱ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት ስም ይጠየቃል ብሎ አልሄድም አለ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የምትሠራ አንዲት የአገሩ ሴት ማታ ማታ እየመጣች ታጥብለታለች።

እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ስለ ጣቱ ስትሰማ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ማሪቤል እውነቱን ነግራዋለች። እሱም «በጓሮ የዞረው ሰውዬ ምን ነበር የሚፈልገው?» አለ። «ሌላ በር» አለችው። ሳቀ ትላለች። ሳቁን ግን አልወደደችውም።

አይመለስም። እሑድ የመጡት የኢሚግሬሽን ሰዎች ባይሆኑ ነገ እውነተኞቹ ይመጣሉ ይላል። የቤቱ ፎቶ በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። በፋብሪካው መስመር ላይ ከሚኪ ጎን ሌላ ሰው ቆሟል፣ ከጓቴማላ የመጣ ልጅ። ቢላ መሳል አያውቅም። ሚኪ እያሳየው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሚኪና ማሪቤል የኤርኔስቶን ጫማ ይዘውለት ኦክላሆማ ሄዱ። ከዚያ እንደሚደውሉ ስለነገሩን እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ያችን ያጠበቻትን ነጠላ ለብሳ ስትጠብቅ ዋለች። ጋሽ ለማን አስጠራቻቸው፤ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፣ ወደ ውስጥ አልገቡም።

ሲደውሉ በስልኩ የምናየው የሰው ወጥ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ኤርኔስቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሮቹን በሌላ ወንበር ላይ ዘርግቷል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጫማው ከሥሩ ተቀምጧል፣ አይገባለትም። ፂሙ ያልተላጨ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። እማዬን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

እማዬ ወንበሩን ደገፍ ብላ ቆማለች። ጉልበቷ ከታመመ ስንት ጊዜው ነው።

«ሚኪ፣ እንዲህ በልልኝ» አለች። «የላክናቸው ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ስለ እግራቸው እመቤቴ ትፍረድብኝ። አሁን ሽማግሌ አልላክሁም። ራሴ መጥቻለሁ በላቸው።»

ሚኪ ተረጎመ። ኤርኔስቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ በእጁ ቁጭ በይ የሚል ምልክት አሳያት። እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። እሱ ወደ ሚኪ ዞሮ አንድ ነገር አለ።

«ምን አሉ?»

«ጉልበትሽ ያምሻል፣ ተቀመጪ ነው የሚለው።»

«መልሳቸውን ሳልሰማ እንደማልቀመጥ ንገራቸው። በደንብ አስረዳቸው፣ ኋላ ሳያውቁ እንዳይሆን። የአባትህንም ንገራቸው።»

ሚኪ ረጅም አወራ። ወንጂ ሲል ሰማሁ። በእጁ የሸንኮራ አቆራረጥ አሳየው፤ ኤርኔስቶ የራሱን እጅ አየ። ማሪቤል ከጀርባ ቆማ ሁለቱን ትከሻዎቹን ይዛለች፤ ልጅ እግር ናት፣ በፎቶ እንዲህ ልጅ አትመስልም ነበር። ሚኪ ጨረሰ። ሰውየው ዞሮ ልጁን አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ሚኪም ቀስ እያለ ወደ እኛ አመጣው።

እኛም ዘንድ ልጅ ትጠየቃለች። ዳቦና ቸኮላት ይዘው ይመጣሉ። ግን ልጅ የምትጠየቀው በአባቷ ቤት ነው። ይሄ የእኔ ቤት አይደለም። እዚህ ሆኜ ተቀመጪ ብል የሰው ወንበር ነው የምሰጥሽ።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ገባት። ከሁላችንም በፊት የገባት እሷን ነው።

«መቼ ይገባሉ ቤታቸው?»

ኤርኔስቶ እግሮቹን አየ። «አላውቅም» አለ። ይህን ሚኪ አልተረጎመውም፣ ከፊቱ ሁላችንም ገባን። ቀጥሎ «ስገባ ግን ወንበሩን ራሴ አቀርብላታለሁ» አለ።

«እጠብቃለሁ በላቸው። ቆሜ።»

ሚኪ ይህን ሲነግረው ሰውየው መጀመሪያ ፈገግ ሊል ነበር። የእማዬን ፊት ሲያይ ተወው። ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረላት። መብራት ጠፋብን፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ፣ ሥዕሉ በዚያው ደርቆ ቀረ። አንገቱን እንደሰበረ።

ጋሽ ለማ ከበሩ አጠገብ ወጥተው ሄዱ፤ ደህና ዋሉም አላሉን።

እሑድ፣ ጥር 24

እማዬ ቁርሷን ቆማ በላች። ምሳዋንም ቆማ፣ ሳህኑን የቡፌው ጫፍ ላይ አድርጋ። «እማዬ፣ ሰውየው ላይመለስ ይችላል እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ከዚህ ሆኜ ሌላ ምን ላድርግለት?»

እኔስ ምን አድርጌያለሁ? ሳምንቱን ሙሉ የአየር ጠባይ አይቻለሁ። ከኦክላሆማው ደግሞ የካንሳሱ ይብሳል። የመጽሔቱ አዘጋጅ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ጠይቆኛል። ሰርግ ሰርግ የሚሸት ይሁን ብሏል። ምንም አልጻፍኩለትም።

ሚኪ ወደ ካንሳስ ተመልሷል። ነገ ሥራ ይገባል። ጫማው እዚያው ኤርኔስቶ ጋ ቀርቷል፣ እግሩ ሲድን ይገባለት ይሆናል። ዶኛ ሉፔ የፊት በሯን ለማንም አትከፍትም። የጓሮውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አትቆልፈውም ይላል፣ በብርዱ። ማሪቤል ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ በዚያ ዞራ በረዶው ላይ የእግር ዱካ ታያለች። የድመት ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማዬን ሳሎን አጣኋት። ወንበሩ ትናንት ባቆመችበት፣ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሮ ቆሟል። መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሻለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አልጋ አይቆጠርም» አለች።

«አይቆጠርም» አልኳትና ቅባቱን ላመጣላት ወጣሁ።